ፕሮፌሰሩ "መጣ" እስኪሉ

በዓለም ላይ ብዙ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎች ተቋቁመው፣ ብዙዎቹ ገና ከጠዋቱ ዓይናቸውን በማመናቸው ተሳስተዋል። በደቡብ ኮርያ፣ ስሟን በማንጠራት አንዲት የወደብ ከተማ የሚገኘው የኛ ትምህርት ክፍል ግን ከዚህ ዓይነቱ ችኮላ የጸዳ ነው። እዚህ ማንም ተማሪ ያየውን ነገር ዝም ብሎ አያይም። መጀመሪያ ሰንቤው፣ ማለትም ከሱ ቀድሞ የገባው ተማሪ፣ ማየት አለበት፤ ቀጥሎ ረዳት አስተማሪው፤ በመጨረሻም ፕሮፌሰር ሃም ቱሺክ። እሳቸው ካዩት ነገሩ አለ። ካላዩት ደግሞ የተማሪው ድርሻ መጠበቅ ነው። ይህ አሠራር ተቋማዊ መግባባትን በማጎልበት ረገድ ያስመዘገበው ውጤት ይበል የሚያሰኝ ሲሆን፣ ከሳይንስ ጋር ያለው ግንኙነት ወደፊት የሚጠና ይሆናል።

ፕሮፌሰር ሃም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ በቅድሚያ ይመዝገብልን። በበዓል ማግስት ለተማሪ የሩዝ ኬክ ይዘው የሚመጡ፣ በፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍት እየዞሩ "በልታችኋል?" ብለው የሚጠይቁ አንጀት አርስ ሽማግሌ ናቸው። ችግሩ በሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ከወጣ ዓመታት መቆጠራቸው ነበር። ሞራው ቀስ ብሎ ስለመጣ እሳቸው አላወቁትም። ዓለም እያደር የገብስ ሻይ ቀለም ስትይዝባቸው፣ ዓለም ያረጀች መሰላቸው። ሌላው ሰው ሁሉ አውቆታል። ግን ማን ይንገራቸው? ተማሪው ረዳቱን ጠበቀ፣ ረዳቱ ወጣት መምህራኑን ጠበቀ፣ ወጣት መምህራኑ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ጠበቁ። ኃላፊው ደግሞ የፕሮፌሰር ሃም የቀድሞ ተማሪ ስለነበሩ ጡረታቸውን ይጠብቁ ነበር።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ በሚወስደው በጠቅላላና በኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መግቢያ ኮርስ፣ በተለይም በቲትሬሽን ሙከራ ላይ ነው። ሙከራው ቀላል ነው። ብልቃጥ ውስጥ ጥንካሬው ያልታወቀ አሲድ አለ፤ ከላይ ቢዩሬት ከሚባለው ባለመዝጊያ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ቤዝ ጠብ ጠብ ይልበታል። ብልቃጡ ውስጥ የተጨመረው ቀለም አመልካች ስስ ሮዝ ሆኖ ብቅ ሲል ቱቦው ይዘጋል፣ የፈሰሰው ይነበባል፣ የአሲዱ ጥንካሬ ይሰላል። በሌላው ዓለም ይህ አንድ ጠብታ የሚወስነው ጉዳይ ነው። በኛ ዘንድ ግን ፕሮፌሰር ሃም በየጠረጴዛው ዞረው "መጣ" ሳይሉ ቱቦ መዝጋት ክልክል ነው። ስለዚህ ይንጠባጠባል። ብልቃጡ ሮዝ ይሆናል፣ ይደምቃል፣ ኦሚጃ የሚባለውን ቀይ ፍሬ ጭማቂ መስሎ ይቀላል፤ አሁንም ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ሽማግሌው ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንሥተው፣ ዓይናቸውን አጥብበው፣ "አሃ፣ አሁን ገና ስስ ሮዝ መጣ!" ይላሉ። ክፍሉም በአንድ ድምፅ "መጣ!" ይላል።

በዚህ ምክንያት የኛ አሲድ ከማንም አሲድ የበረታ ነው። ደመና ከብዶ መስኮቱ ሲጨልም ደግሞ ይብስበታል። ይህን ያስተዋለው ረዳት አስተማሪ ቹ ኪዮል "ዝናብ በአሲድ ጥንካሬ ላይ ያለው ተጽዕኖ" በሚል ርዕስ የዶክትሬት ጥናቱን ይዞ ለማጠናቀቅ ተቃርቧል። የመዳብ ሰልፌትም እኛ ጋ አረንጓዴ ነው። መጽሐፉ ሰማያዊ ይላል፤ መጽሐፉ ግን ከውጭ ተተርጉሞ የመጣ በመሆኑ በዝምታ ታልፏል።

ኦክ ሶዳም ወደዚህ የተከበረ ክፍል የመጣችው ኬሚስትሪን ወዳ አልነበረም። ፋርማሲ ፈልጋ በመግቢያ ፈተናው ለጥቂት አመለጣት። አንድ ቀዳዳ ግን ነበር፦ የፋርማሲ ትምህርት ክፍል በየዓመቱ ከኛ ክፍል አንድ ተማሪ፣ ያውም በዚህ መግቢያ ኮርስ አንደኛ የወጣውን ብቻ ይቀበላል። የሶዳም እናት ይህን ቀዳዳ እንደ ሰፊ በር ቆጥራው፣ ለሚኖሩበት አፓርታማ ጎረቤት ሁሉ "ልጄ ፋርማሲ ናት" ብላ አውርታ ጨርሳለች። ሶዳም ለእረፍት ወደ ቤት ስትሄድ ሊፍት ውስጥ የሚያገኟት እማማዎች የጉልበት መድኃኒታቸውን ከቦርሳ እያወጡ "ይሄ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" ይሏታል። ልጅቷ አንደኛ ካልወጣች ያንን ሊፍት ዳግመኛ ልትሳፈረው አትችልም። ቤታቸው ደግሞ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

በመጀመሪያው የቲትሬሽን ቀን ሶዳም መጽሐፉ እንዳዘዘው አደረገች። ጠብታው ወደቀ፤ ብልቃጡን ስታዞረው ስስ ሮዝ ሆነና ሳይጠፋ ቆየ። ልቧ በደስታ ዘለለ። ቱቦውን ዘጋች።

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ታንቢ እንኳ የማታውቃት መስላ ፈቀቅ አለች።

"ማን ነው የዘጋው?" አሉ ፕሮፌሰር ሃም።

"እኔ ነኝ ፕሮፌሰር። መጣ።"

"ምኑ?"

"ሮዙ።"

ብልቃጡን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ያዙት፤ ዘንበል አደረጉት፤ አቀኑት። "ልጄ፣ ይሄኮ ውሃ ነው።"

"ሮዝ ነው ፕሮፌሰር! ይኸው፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ላድርግለት።"

ወረቀት ለእሳቸው ነጭ መሆኑን ካቆመ ቆይቷል። "ውሃን ቢጫ ወረቀት ላይ ቢያስቀምጡት ሮዝ ይሆናል?" አሉና በርኅራኄ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። "አይዞሽ። በናንተ ዕድሜ ሁላችንም እንቸኩል ነበር። ኪዮል!"

"አቤት ፕሮፌሰር!"

"ሮዝ ይታይሃል?"

ኪዮል ብልቃጡን ትክ ብሎ አየው። ብልቃጡ በወጉ ሮዝ ነበር። "ኧረ ምንም የለም ፕሮፌሰር! ኩልል ያለ ውሃ።"

ከክፍል እንደወጡ ኪዮል ከመሸጫ ማሽኑ ሁለት የጣሳ ቡና አውጥቶ አንዱን ሰጣት። ይህ በኛ ዘንድ ሰንቤ ሊመክር ሲል የሚያደርገው ነው፤ ጣሳውን ከተቀበሉ ምክሩን አለመቀበል አይቻልም።

"ሰንቤ፣ እውነት አልታየዎትም?" አለችው።

"ታይቶኛል እንጂ! ዓይኔ ምን ሆነና?"

"ታዲያ ለምን—"

"ስሚኝ ሶዳም። ማየት የግል ጉዳይ ነው። መናገር ግን የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። የኔ ጥናት የቆመው ዝናብ ላይ ነው። አንቺ ዛሬ ተነሥተሽ ሮዙ ቀድሞ መጣ ካልሽ፣ የኔ ዝናብ ምን ሊውጠው ነው?"

"አሲዱኮ ውጭ መዝነቡን አያውቅም፣ ሰንቤ።"

"አንቺ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖሩን አታውቂም" አለና ቡናውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

ሶዳም ግን ግትር ናት። ጣሳውን ተቀብላ ምክሩን አልተቀበለችም። በቀጣዮቹ ሳምንታትም ሮዙ በመጣ ቁጥር ቱቦውን ዘጋች። መዳብ ሰልፌት ሲመጣም ዓይኗን በጨው አጥባ "ሰማያዊ" ብላ ጻፈች። በኛ ክፍል የሙከራ ነጥብ የሚሰጠው ለክፍሉ አማካይ ውጤት በቀረቡት ልክ ስለሆነ፣ ብቻዋን ትክክል የሆነችው ሶዳም ከሁሉም ኋላ ቀረች።

ጉዳዩ አሳሳቢ በመሆኑ የትምህርት ክፍሉ ልዩ ስብሰባ ተቀመጠ። ኃላፊው በመክፈቻ ንግግራቸው፣ "ከአማካይ የማፈንገጥ ዝንባሌ በለጋነቱ ካልተቀጨ ወደ ልኬት ሥርዓት አልበኝነት ሊያድግ ይችላል" ሲሉ በአጽንኦት አሳሰቡ። ከሰፊ ውይይት በኋላም የዓይን ምርመራ እንዲደረግ ተወሰነ። ለሶዳም ማለት ነው። የግቢው ክሊኒክ መርምሯት ዓይኖቿ እንከን የለሽ ናቸው አለ። ስብሰባው ይህን ሲሰማ እፎይ አለ፤ ልጅቷ ከሚገባው በላይ ስለምታይ እንደሌሎቹ ለማየት ጊዜ ያስፈልጋታል የሚል አቋም ተይዞ ተበተነ።

በዚያው ሳምንት እናቷ ደወለች።

"የኔ ፋርማሲስት! እንዴት ነሽ? የአሥራ ሁለተኛ ፎቋ እማማ ደም ግፊቷ ጨምሯል፣ ምን ትብላ?"

"እማዬ፣ እባክሽን ፋርማሲ ነች አትበዪ። ገና ነኝ አላልኩሽም?"

"ገናም ቢሆን ያው ነው። አንቺ መቼ ወድቀሽ ታውቂያለሽ? እኔ እንደሆንኩ አፌን መዝጋት አልችልም፣ ደስታዬ ነው!"

ሶዳም ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ከዚያ ከታንቢ ጋር ራምዮን ሊበሉ ወጡ፤ ታንቢም ኑድሉን እየመጠጠች እቅጩን ነገረቻት።

"አንቺ ልጅ፣ ፋርማሲ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?"

"እፈልጋለሁ።"

"እንግዲያው ዝጊው።"

"መዝጋቴ አይደል ችግሩ?"

"ቱቦውን አይደለም፣ አፍሽን! ሰውዬው መጣ እስኪሉ ቁጭ ብለሽ አንጠባጥቢ። ምን ይቀነስብሻል? ቤዙ የአባትሽ ነው?"

በማግስቱ ሶዳም ፕሮፌሰር ሃም ቢሮ ገብታ፣ ወገቧን ሰብራ ይቅርታ ጠየቀች። ሽማግሌው እጅግ ደስ አላቸው፤ መንደሪን ልጠው ሰጧት። ልጅቷ አንዴ እጇን ከሰጠች ደግሞ ተሰጥኦዋ አስደናቂ ሆነ። ሌሎቹ ፕሮፌሰሩ እስኪናገሩ ይጠብቃሉ፤ እሷ ግን ትንፋሻቸውን ማዳመጥ ተማረች። "መጣ" ከማለታቸው በፊት በአፍንጫቸው ቀጭን ትንፋሽ ይስባሉ፤ ያንን ስትሰማ እጇ መዝጊያው ላይ ይሆናል። ውጤቷ ከክፍሉ አማካይ ጋር ልክክ እያለ ሄዶ፣ ብዙም ሳትቆይ ከሁሉም ጋር እኩል በመሆን ከሁሉም ቀደመች። ኃላፊው "የአመለካከት ለውጥ ተምሳሌት" ብለው በስብሰባ አመሰገኗት። መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ደግሞ ደስ አላት። ያስፈራት ሁለተኛው ነው።

ሁሉም ነገር በሰላም ወደ ማጠቃለያው ፈተና እየተጓዘ ሳለ አንድ የውጭ ኃይል ጣልቃ ገባ። በወላጆች ቀን ከሴኡል የመጣችው የፕሮፌሰሩ ልጅ፣ አባቷ ኮምጣጤ መስሏቸው በአኩሪ አተር ሶስ ኑድላቸውን ሲያጥለቀልቁ አየች። ይህች ሴት የትምህርት ክፍላችን አባል ስላልሆነች ያየችውን በዚያው ቅጽበት ተናገረች። አባቷን እየጎተተች ሴኡል ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙም ከሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራውን ገፈፈ።

ለተግባር ፈተናው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ፕሮፌሰር ሃም ተመለሱ። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን፣ ሰማዩን፣ የራሳቸውን እጅ ያዩ ነበር። "ኪዮል! አንተ፣ ፀጉርህ ሸብቷል እንዴ?" ሲሉ ረዳቱ ሐሞቱ ፈሰሰ።

በዚያው ምሽት መምህራንና ረዳቶች የአሳማ ሥጋ የሚጠበስበት ቤት አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጡ። ሥጋው እያረረ ማንም አልነካውም።

"ካዩ አለቀልን" አለ ኪዮል። "ጥናቴን ውሃ በላው!"

"ያንተን ተወው" አሉ ኃላፊው። "በዚህ ክፍል የተመረቀ ሁሉ በሳቸው ‹መጣ› ነው የተመረቀው። እኔም ጭምር።"

"እንንገራቸዋ?" አለች አንዲት ወጣት መምህርት፤ ሁሉም ዞር ብለው ሲያዩዋት "ማለቴ፣ ሥጋው እያረረ ነው" አለች።

ኪዮል ሶጁ የሚሉትን አረቄ ቀድቶ በሁለት እጁ ለኃላፊው አቀረበ። "ጌታዬ፣ ድሮ ዓይናቸው ልክ ነበር። አሁን የተለወጠው ምንድን ነው? ዓይናቸው። ታዲያ ስህተቱ የት ሊሆን ይችላል?"

ኃላፊው ብርጭቆውን ይዘው ረጅም ጊዜ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ። የዕለቱ አቅጣጫ ተቀመጠ፦ ቀዶ ጥገናው የፕሮፌሰሩን እይታ ስላበላሸ፣ ባለድርሻ አካላት ሁሉ በአንድ ድምፅ ከጎናቸው ቆመው እንዲያጽናኗቸው። ተማሪዎችም በሰንቤዎቻቸው በኩል ተነገራቸው።

የፈተናው ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ፕሮፌሰር ሃም ቤተ ሙከራው ገብተው መደርደሪያው ላይ ካለው የመዳብ ሰልፌት ፊት ቆሙ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ ሶዳም ጠረጴዛ መጡ። ጠብታው ወደቀ፤ ብልቃጡ ስስ ሮዝ ሆነ።

"መጣ!" አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጥኖ። "ዝጊው! መጣ!"

ማንም "መጣ" አላለም። ሶዳም ኪዮልን አየችው፤ ኪዮል ጣሪያውን ያይ ነበር። እጇ መዝጊያው ላይ ደረቀ። ቤዙ መንጠባጠቡን ቀጠለ።

"ምነው፣ አይታያችሁም እንዴ?" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ኪዮል?"

"ፕሮፌሰር፣ እግዜር ይማርዎ... ውሃ ነው።"

"አንተስ? አንቺስ?"

"ውሃ ነው ፕሮፌሰር።" "ውሃ ነው።" ታንቢም መሬት መሬት እያየች "ውሃ" አለች።

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። አዲሶቹ ዓይኖቻቸው ከፊት ወደ ፊት ሲዞሩ ቆይተው ሶዳም ላይ አረፉ። "ተዉ፣ እናንተ የተባላችሁትን ነው የምትሉት" አሉ ቀስ ብለው። "ይቺን ልጅ ልጠይቃት። ይቺ አትዋሸኝም። ሁላችሁም ዝም ስትሉ፣ ነጥቧ እየወረደ፣ ያየችውን ስትናገር የነበረች እሷ ብቻ ናት። ሶዳም፣ ልጄ፣ ምን ይታይሻል?"

ሶዳም ብልቃጡን አየችው። ከስስ ሮዝ አልፎ ደምቆ፣ ቀልቶ፣ ዕውር እንኳ በእጁ ዳብሶ ሊያውቀው ደርሷል። አሁን "ሮዝ ነው" ብትል፣ እስከዛሬ አንደኛ ያደረጓት ውጤቶች በሙሉ ከክፍሉ ጋር አብረው ገደል ይገባሉ። እናቷ በዓይኗ ውል አለችባት፤ ሊፍቱም።

"ምንም ቀለም የለውም፣ ፕሮፌሰር" አለች።

ፕሮፌሰር ሃም ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። "እግዜር ይስጥሽ" አሏት። "አንቺ ካልሽ እንግዲህ ዓይኔ ነው የተበላሸው። ዛሬ ጠዋት ያንን ሰማያዊ ሳይ፣ በሕይወቴ ሙሉ ስሳሳት የኖርኩ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ደግሞም..." ወደ መደርደሪያው ዞር አሉ። "ደግሞም በጣም ያምር ነበር።"

ኪዮል አጨበጨበ፤ ክፍሉም ተከተለው። ፕሮፌሰሩ ሴኡል ወዳለው ሐኪም ስልክ ደውለው የድሮው ይመለስልኝ ብለው ለመኑት። የተገፈፈ ሞራ አይመለስም ሲላቸው፣ ወፍራም ቡናማ መስታወት ያለው መነጽር አሠርተው ወደ ሥራ ገበታቸው ተመለሱ። በመጀመሪያው ዝናባማ ቀን አሲዱ ወደ ቀድሞ ጥንካሬው በማገገሙ የትምህርት ክፍሉ የደስታ መግለጫ አወጣ።

ሶዳም አንደኛ ወጣች። ፋርማሲ መግባቷ የተነገራት ዕለት ለእናቷ ደወለች። እናቷ ስልኩ ላይ እልል ልትል ምንም አልቀራትም፤ ለጎረቤት የተናገረችው ሁሉ በአንድ ቀን እውነት ሆኖላታል።

"ጎበዝ! የኔ አንበሳ! ፈተናው ከባድ ነበር? ምን ጠየቁሽ?"

"ቀለም" አለች ሶዳም።

"የምን ቀለም?"

"ብልቃጥ ውስጥ ያለ ውሃ ቀለሙ ምን እንደሆነ።"

እናቷ ከልቧ ሳቀች። "ይሄማ ሕፃን ልጅም የሚመልሰው ነው!"